አምፖሉን ቀየርን፤ ጉሙ ግን አልተገፈፈም



ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አምፖል ነው። አትሳቁብን። በሳሎናችን ኮርኒስ ላይ ስለነበሩ ስምንት ትንንሽ አምፖሎች፣ ስለ ቆጣሪያችንና ስለ እናታችን ነው የምንጽፈው። ጌታ በዚህ ተራ ነገር ውስጥ አንድ ነገር አሳይቶናል፤ እናንተንም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ዝም ማለት አልቻልንም። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ ይህ ጽሑፍ ምስክርነት ብቻ አይደለም፤ ንስሐም አለበት።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በአገሩ ሁሉ ስም ያወጣው በከንቱ አይደለም። የከተማዋ ስም እንኳ የብርሃን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርአ ያዕቆብ በሰማይ ላይ የታየውን ያልተለመደ ብርሃን ምክንያት አድርገው ይህን ስም እንደሰጧት በታሪክ ተጽፏል። ከእኛ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደግሞ አንኮበር አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አቅራቢያችን፣ አንጎለላ ነው፤ የሸዋ ንጉሥ ሳሉም አንኮበር መናገሻቸው ነበረች። በኋላ አዲስ አበባ ላይ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት ያስበሩት እሳቸው ናቸው። አምፖልን ለአገሩ ያስተዋወቀው ሰው የዚህ ምድር ልጅ ነው ማለት ነው። የአካባቢያችን ገጠር ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በኩራዝና በምድጃ እሳት ነው ያመሸው።

እናታችን ኩራዝ ከሚበራበት ቤት የወጣች ናት። ትውልዷ አንኮበር ዙሪያ ነው። በልጅነቷ ትምህርት ቤት አልገባችም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን፣ ትዳር ይዛ፣ ልጅ አዝላ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጠረች። ጠዋት ስትነሣ አፍንጫዋ በኩራዝ ጥላሸት ጠቁሮ አባታችን ይስቅባት እንደነበር እስከ ዛሬ ትነግረናለች። ከዓመታት በኋላ ወንጌል ሲደርሳት መጽሐፍ ቅዱስን ያለ ሰው እርዳታ፣ ራሷ ማንበብ መቻሏን እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጠረችው። አባታችን ካረፈ በኋላ እኛ ዘንድ መጥታ መኖር ስትጀምር ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው ልብሷን አልነበረም፤ ጠርዙ ያለቀ መጽሐፍ ቅዱሷን ነው።

አሁን ወደ አምፖሎቹ እንመለስ። ቤታችንን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ሳሎኑን በጂፕሰም ኮርኒስ አሳምረውት ነበር። በጂፕሰሙ ውስጥ ስምንት የሃሎጅን አምፖሎች ተቀብረዋል። እንደገባን ሰሞን ደስ አሉን። ሲበሩ ሳሎኑ ሆቴል ይመስላል። ብርሃናቸው ቢጫ፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ከሥራቸው ሲቆሙም ሙቀታቸው ይሰማል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ይህን ማን ይጠላል?

ወሩ ሲያልቅ ግን ቆጣሪው ሌላ ነገር ነገረን። አንዱ አምፖል 50 ዋት ነው፤ ስምንቱ 400 ዋት ይሆናሉ። በየማታው አምስት ሰዓት ብናበራቸው 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 60። ያውም ለሳሎን መብራት ብቻ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በደረጃ ከፍ የሚልበት ነው። በዚያ ላይ ምጣዱ አለ፣ ማቀዝቀዣው አለ። ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ እንግዳ ሲመጣ ስምንቱም ይብሩ፤ ለራሳችን ሲሆን ሁለቱ ይበቃሉ።

እማዬ በዚያ ሰሞን ነው አንድ ማታ መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ልጆቼ፣ የአንኮበር ጉም ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቀረ መሰለኝ» ያለችን።

አንኮበርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሲመጣ አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ ይሰውርብሃል። ንግግሯ ደስ ብሎን ሳቅን። «እርጅና ነው እማዬ። አምፖሎቹም ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቆይ እንቀይራቸዋለን» አልናት። እሷም «እንዲያ ይሆናል» አለች። ነገሩ በዚሁ ቀረ። ይህን ቃሏን አስታውሱልን፤ እኛ ረስተነው ነበር።

አምፖል ለመቀየር የወሰንነው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አምፖል መቀየር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኃይል እጥረት በነበረበት ጊዜ የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ ባለ ሽቦውን የድሮ አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ የሚባለውን ጠምዛዛ አምፖል በሚሊዮን ቁጥር ማደሉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አሁን ደግሞ ኤልኢዲ ያን ቆጣቢ ራሱን አሮጌ አደረገው።

ልዩነቱን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ወንድም በደንብ አስረዳን። ሃሎጅን የድሮው አምፖል ልጅ ነው። ውስጡ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ አለ፤ ሽቦው እስኪግል ድረስ ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ ከግለቱ የተነሣ ያበራል። ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ትንሹ እጅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኤልኢዲ ግን የሚግል ሽቦ የለውም። ኤሌክትሪክ ሴሚኮንዳክተር በሚባል ቅንጣት ውስጥ ሲያልፍ በቀጥታ ብርሃን ይወጣል። መጀመሪያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ለእኛ ነጭ ሆኖ ይታየናል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለማግኘት ብዙ ዘመን የደከሙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው።

ስምንት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ገዛን። ዋጋቸው ከሃሎጅኑ በለጥ ይል ነበር፤ ግን ስምንቱ አንድ ላይ 40 ዋት ናቸው። የቀድሞውን አንዱን አምፖል እንኳ አያህሉም! በወር 60 የነበረው 6 ኪሎዋት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚያ ማታ ወንበር ላይ ቆመን አንድ በአንድ ቀየርናቸው። ማብሪያውን ስንጫን ሳሎኑ ቀን መሰለ። ልጃችን አጨበጨበ። እኛም «ተመስገን» አልን። ከእንግዲህ ሁለት ብቻ ይብሩ የሚል ሕግ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት በቤት ኅብረታችን ተራው የእኛ ነበር። ስለ መጋቢነት አካፈልን። እግዚአብሔር የሰጠንን ማባከን እንደሌለብን፣ በጥቂቱ መታመን እንደሚገባን፣ የቤታችንን አምፖል ምሳሌ እያደረግን ተናገርን። ቁጥሩን ሁሉ ዘረዘርን። ወገኖች ተደሰቱ፤ ሁለት ቤተሰቦች እነሱም እንደሚቀይሩ ነገሩን። እውነቱን እንናገር፦ በዚያ ማታ በራሳችን ረክተን ነበር።

እማዬ ግን ከአዲሶቹ አምፖሎች ጋር አልተስማማችም። ሲበሩ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች። «ብርሃኑ ይበተንብኛል» ትላለች። «በዙሪያው ቀለበት ቀለበት ይሠራል።» እኛ ጥፋቱን አምፖሉ ላይ አገኘነው። በማሸጊያው ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ተጽፏል፤ ይህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ነው። 3000 አካባቢ የሚለው ግን ለሃሎጅኑ የቀረበ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሰጣል። እንግዲያው ለእሷ ብለን በምትቀመጥበት በኩል ያሉትን አራቱን በ3000 ቀየርን። ወጪ ነበር፤ ግን አላጉረመረምንም። ለእናታችን እንደተጠነቀቅን ቆጠርነው።

እሷም «ተባረኩ» አለች። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ሳሎኑን እየተወች ወጥ ቤት፣ ከሰል ምድጃው አጠገብ ማምሸት ጀመረች። ሃሎጅኑ ስለወጣ ሳሎኑ በርዷት ይሆናል ብለን ተጨማሪ ጋቢ ሰጠናት። ወገኖች፣ ልብ በሉ። ስለ ዋቱ አሰብን፣ ስለ ቀለሙ አሰብን፣ ስለ ሙቀቱ አሰብን። ስለ ዓይኗ አንድ ቀን አልጠየቅንም።

ከዚያ የሐሙሱ ማታ መጣ። የቤት ኅብረቱ እኛ ጋ ነበር፤ ሰው ሞልቷል፤ ስምንቱም አምፖሎች በርተዋል። እማዬን መዝሙር 27ን እንድታነብልን ጠየቅናት። ይህን መዝሙር ትወደዋለች። ገና ከመጀመሪያው እግዚአብሔርን ብርሃኑ ብሎ የጠራ ሰው ማንን ሊፈራ እንደማይገባ የሚናገር ነው። መጽሐፏን ገለጠች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች፣ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ።

እንደሚታወቀው ነው፦ ልጆች ጮኹ፣ አንዱ ስልኩን ፈለገ፣ አንዷ ሻማ የት እንዳለ ጠየቀች። የእማዬ ድምፅ ግን አልቆመም። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አራተኛውን ቁጥር፣ አምስተኛውን ቁጥር፣ ምንም ሳትደናቀፍ ቀጠለች። መብራት መጥፋቱን ያወቀች አትመስልም ነበር።

አንድ ወንድም «ሃሌሉያ! እማማ ቃሉን በልባቸው ይዘውታል!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። በዚህ መካከል አንዱ የስልኩን ባትሪ አበራና ወደ እሷ አዞረው። ጣቷ አሁንም በገጹ ላይ መስመር እየተከተለ ይሄዳል። የተገለጠው ገጽ ግን መዝሙረ ዳዊት አልነበረም። ትንቢተ ሕዝቅኤል ነበር።

ያየነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን። እጃችን ጭብጨባው ላይ እንዳለ ቀረ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጃችንን አልጋው ላይ አግኝተን ጠየቅነው። ማታ ማታ ከአያቱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ እኛ ንባብ የምታለማምደው እሷ ናት ብለን ደስ ይለን ነበር። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለን፦ «እኔ ነኝ የማነብላት። አንዱን መዝሙር አራቴ አምስቴ ታስነብበኛለች፣ ከዚያ እሷ ትለዋለች። ስትሳሳት አርማታለሁ። ለእናንተ እንዳልናገር ነግራኝ ነው።»

«ለምን እንዳትናገር?»

«እናትና አባትህ ስለ መብራቱ ክፍያ ሲጨነቁ እሰማለሁ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ወጪ አልጨምርባቸውም አለች።»

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። መጋቢነት ብለን ያስተማርነው፣ በየማታው በራት ላይ ስለ ቆጣሪው የተነጋገርነው ሁሉ በእሷ ጆሮ ምን ተብሎ ነበር የሚሰማው? «በዚህ ቤት ለዓይንሽ የሚሆን ቦታ የለም» ተብሎ ነው። እኛ እንዲህ ብለን አናውቅም። ግን እንዲህ ሰምታለች። ከሰማችም በኋላ እኛን ላለማስጨነቅ በሰባኛዎቹ ዕድሜዋ እንደ ተማሪ መዝሙር ስታጠና ከረመች።

ጠዋት ይቅርታ ጠየቅናት። እሷ ደግሞ ልጁ ምስጢር ስላወጣ ትንሽ ተቆጣች። «በሞቴ፣ ይህን ያህል ነገር አታድርጉት» አለችን። በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ በመብራት አየና ብዙ አልቆየም፤ በሁለቱም ዓይኖቿ የዓይን ሞራ ግርዶሽ አለ አለን። በዓይን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ በዕድሜ ምክንያት እየደፈረሰ ይሄዳል። ብርሃን ሲገባበት እንደ ጭጋጋማ መስታወት ይበትነዋል። ደማቅ መብራት ያስቸገራት፣ በአምፖሉ ዙሪያ ቀለበት ያየችው ለዚህ ነው። እኛ ብርሃኑን በጨመርን ቁጥር በእሷ ላይ መበተኑም ይጨምር ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ «ጉም ገባብኝ» ያለችን ቀልድ አልነበረም፤ በሽታዋን ከሐኪሙ በፊት በትክክል ተናግራው ነበር።

ይህ ብርቅ በሽታ አለመሆኑንም ተረዳን። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ይኸው የዓይን ሞራ ነበር፤ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በእሱ የመጣ ነው። የሚያሳዝነው በቀዶ ሕክምና የሚድን መሆኑ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ የሚሠራ፣ ብዙ ሰዓት የማይፈጅ ሕክምና ነው። ስንት እናቶች ይሆኑ በየቤታቸው «እርጅና ነው» ተብለው በጨለማ የተቀመጡት?

መጀመሪያ የቀኝ ዓይኗ ተሠራላት። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሣ አብረን ነበርን። ጥቂት ጊዜ ዓይኗን አርገበገበችና ወደ ልጃችን ተመለከተች። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። «አንተ! ይህን ሁሉ ጥርስ መቼ አበቀልከው?» አለችው።

ሳቅን። ግን ሳቃችን ከእንባ ጋር ነበር። የፊት ጥርሱ የወለቀ ቀን ጣራ ላይ ሲወረውረው አጠገቡ ቆማ ትመርቀው ነበር። አዲሱ ሲበቅል ግን አላየችም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ በየቀኑ አንድ መሶብ ላይ እየቀረብን፣ የልጅ ልጇን ፊት ማየት ካቆመች አንድ ዓመት እንዳለፋት አላወቅንም።

ቤት ስትገባ ደግሞ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየችና፣ «እነዚህ ናቸው አምፖሎቻችሁ? መልካም ናቸው። ኮርኒሱ ግን የሸረሪት ድር ሞልቶታል» አለች። እማዬ ናትና ምን እንላለን።

ወገኖች፣ ከዚያ ወዲህ ማቴዎስ 6፥22-23ን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልንም። ጌታ በዚያ ስፍራ ዓይንን ከመብራት ጋር አመሳስሎ ያስተምራል፤ ዓይን ከታመመ ሰውነት ሁሉ በጨለማ እንደሚሆን ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ያላስተዋልነው ግን ይህ ቃል የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ከፊቱ ያለው ትምህርት መዝገብን በምድር ስለ ማከማቸት ነው፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ አብሮ መገዛት እንደማይቻል ነው። ስለ ዓይን የተናገረው በሁለት የገንዘብ ትምህርቶች መካከል ነው! በአይሁድ አነጋገር ደግ ዓይን ያለው ማለት ለጋስ ሰው ነው፤ ክፉ ዓይን ያለው ደግሞ ንፉግና ስስታም ነው። ምሳሌ 22፥9ንና 28፥22ን አስተያዩ፤ በማቴዎስ 20፥15ም የወይኑ ቦታ ባለቤት ለምቀኛው ሠራተኛ የተናገረውን ተመልከቱ።

እንግዲህ በቤታችን የታመመው የእማዬ ዓይን ብቻ አልነበረም። የእሷን ሐኪም አገኘው። የእኛ ዓይን ግን ቆጣሪው ላይ ተተክሎ ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ እናያለን፤ አጠገባችን ያለች እናት ገጽ መግለጥ ስታቆም አናይም። ይባስ ብሎ ይህን አለማየት የመንፈሳዊ ነገር ስም ሰጥተን በኅብረት ፊት አስተማርንበት። ጌታ በዚያው ክፍል በሰው ውስጥ ያለው ብርሃን ራሱ ጨለማ ከሆነ ጨለማው እንዴት እንደሚከብድ ያስጠነቀቀው ይህንን ይሆን እንዴ? ስናነበው ፈራን።

ቁጠባ ኃጢአት ነው እያልን አይደለም። አምፖሎቹን መልሰን አልቀየርናቸውም፤ ለእናንተም እንመክራቸዋለን። ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ስትገዙ ዋቱን ብቻ አትዩ፤ የብርሃኑ መጠን የሚለካው በሉመን ነውና እሱን አስተያዩ። ለመኝታና ለሳሎን 3000 ኬልቪን አካባቢ ለዓይን ይለሰልሳል። ሃሎጅናችሁ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ለኤልኢዲ የሚስማማ መሆኑን ባለሙያ ይይላችሁ፤ አለዚያ ብልጭ ድርግም ይላል። ሃሎጅን እጅግ ስለሚግል አጥፍታችሁ ሳይቀዘቅዝ አትንኩት። ቆጣቢ የሚባለው ጠምዛዛ አምፖል ደግሞ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለው እንዳይሰበር ተጠንቀቁ።

የዚህን ያህል ስለ አምፖል ከተጠነቀቃችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጨምሩ። በቤታችሁ ያሉትን አባትና እናት ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። «ደህና ነኝ» ቢሏችሁ አትመኑ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡ። መብራት ይበተንብኛል፣ ጭጋግ ይታየኛል፣ የማታ መንገድ ከበደኝ ካሉ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በራት ላይ ስለ ገንዘብ ስትነጋገሩ ማን እየሰማ እንደሆነና ምን ብሎ እየተረጎመው እንደሆነ አስቡ። በየቤታችን፣ «እኔ ሸክም አልጨምርባቸውም» ብሎ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው አለ። ምናልባት ለዓይኑ ሳይሆን ለልቡ ይሆናል።

በማርቆስ 8 ጌታ በቤተ ሳይዳ የፈወሰው ዕውር አለ። መጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎችን እንደሚመላለሱ ዛፎች አድርጎ አያቸው፤ ጌታም ዳግመኛ እጁን ጫነበት፤ ያን ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ። እኛ ራሳችንን በዚያ ሰው ውስጥ አግኝተነዋል። ጌታን ካወቅን ቆይተናል፤ ብርሃኑን አይተናል። ሰዎችን ግን፣ ያውም የቤታችንን ሰዎች፣ እንደ ዛፍ ስናያቸው ኖረናል። ሁለተኛው ዳሰሳ ያስፈልገናል። እናንተም ገና ጌታን ያላወቃችሁና ይህን ጽሑፍ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ወደ እሱ ኑ እንላችኋለን። ግማሽ አይቶ የቀረን ሰው በግማሽ የማይተው ጌታ ነው።

የእማዬ ግራ ዓይን ከሁለት ወር በኋላ ተሠራላት። አሁን ማታ ማታ ሳሎን፣ በአራቱ ሞቅ ባሉት አምፖሎች ሥር ትቀመጣለች። ልጃችን አሁንም አጠገቧ ነው፤ ግን ተራቸው ተለውጧል፤ የምታነበው እሷ ናት፣ የሚሰማው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ መዝሙር 27ን ዳግመኛ እንድታነብልን ጠየቅናት። መነጽሯን አደረገች፣ ገጹን ፈልጋ አገኘች፣ ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኛ አየችና፣ «ዛሬ መብራት ቢጠፋ አቆማለሁ፤ ከአሁን በኋላ ማስመሰል የለም» አለች።

ከእኛ ጋር ጸልዩ፦

ጌታ ሆይ፣ ብርሃን አንተ ነህ። ቤታችንን አብርተን ዓይናችንን ስለ ጨፈንን ይቅር በለን። ቁጥርን ለማየት የፈጠነ፣ ሰውን ለማየት የዘገየ ዓይናችንን ፈውስ። ደግ ዓይን ስጠን። አጠገባችን በዝምታ የሚጨልምበት ሰው ካለ ዛሬ አሳየን፤ እጃችንንም ለመዘርጋት አፍጥን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።